በረንዳ ላይ ፌሮው ከላይ ነው፦ «ምሕንድስና በስክሪን አይማሩትም» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ አንጋፋ መሐንዲስ የጻፉትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴ ተናድጄ፣ ሦስተኛውን ረጋ ብዬ። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዲጂታል ላይብረሪና ስክሪን ላይ እየነካኩ የሚማሩበት መሣሪያ ለምሕንድስና ተማሪ አይበጅም ይላሉ። ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። መብራትና ኢንተርኔት በማይታመንበት ከተማ ዳር ይሄ የገንዘብ ብክነት ነው። ሲሙሌሽን፣ ማለትም እውነተኛውን ነገር በኮምፒውተር አስመስሎ ማሳየት፣ ጨዋታ ነው፤ መሐንዲስ የሚማረው በእጁ ነው። ስክሪን ንባብን ገድሏል። ኩረጃን አስፋፍቷል። ይዘቱ የፈረንጅ ነው፤ የኛን አፈር አያውቅም። ደግሞም እኛ በጠመኔ ተምረን አገር ሠርተናል።

ጸሐፊውን አከብራቸዋለሁ። ከ30 ዓመት በላይ ሳይት ላይ የዋለ ሰው ሲናገር መስማት ተገቢ ነው። ቤታቸው ውስጥ በካርቶን ስላስቀመጧቸው የሳይት ማስታወሻ ደብተሮች የጻፉት አንቀጽ ደግሞ ልቤን ነክቶታል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ ተማሪዎቼ ጋ ደርሷል። በቴሌግራም ሲቀባበሉት ሰነበቱ። አንዷ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ «ታዲያ የኛም ሊዘጋ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ባለ አንድ ኮሌጅ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ አስተምራለሁ፤ ብረትና አርማታ ሸክም እንዴት እንደሚችሉ የሚያጠና ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ሳይት ላይ ሠርቻለሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከተማ ዳር መኖርም፣ ከተማ ዳር ማስተማርም ምን እንደሚመስል በየቀኑ አየዋለሁ።

«መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ዲጂታል ላይብረሪ ሕልም ነው።»

መብራት ይጠፋል፣ እውነት ነው። ፓኬጅም ለተማሪ ውድ ነው። ግን ጸሐፊው ሁለት ነገር አንድ ላይ ቀላቅለዋል። ዲጂታል ላይብረሪ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም።

የኛን ላሳያችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ አንድ። ሃርድ ዲስክ አንድ። ራውተር አንድ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ራውተሩ ከየትኛውም ኢንተርኔት ጋር አልተገናኘም። ተማሪው ግቢ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ዋይፋዩን ይከፍታል፣ ላፕቶፑ ላይ ያለውን መጽሐፍና ቪዲዮ ያያል፣ ወደ ስልኩም ያወርዳል። ከፓኬጁ አንድ ሜጋባይት አይቆረጥም። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይቆያል። ራውተሩ 12 ቮልት የሚወስድ ስለሆነ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኝተነዋል። መብራት ጠፍቶ ክፍሉ ጨልሞ፣ ኮሪደር ላይ ተደርድረው ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩ ተማሪዎችን ብዙ ቀን አይቻለሁ።

ውስጡ ምን አለ? ቦስተን አጠገብ ያለው የአሜሪካኑ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የኮርሶቹን ማስተማሪያ በነጻ እንደሚለቅ አስታውቆ ነበር። ዛሬ የለቀቃቸው ከ2,500 በላይ ናቸው። ለትምህርት ገልብጦ መጠቀም ይፈቀዳል። ሕንዶች ከየቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቶቻቸው መምህራን የሰበሰቧቸው የምሕንድስና ሌክቸሮች አሉ፤ ኤንፒቴል ይባላል። ኪዊክስ በሚባል ፕሮግራም የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት ገደማ ሆኖ ይገባል። ፌት የሚባሉት የፊዚክስ ሲሙሌሽኖችም አሉ። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመሯቸው ናቸው። እነሱም አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

እንዴት አስገባነው? ጥሩ መስመር ያለበት ቦታ የሚሠራ ባልደረባ አለን። ሌሊት ያወርዳል። በወሩ መጨረሻ ሃርድ ዲስኩ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በቦርሳ ሆኖ፣ በታክሲ ይመጣል። ኢንተርኔቱ እኛ ጋ ካልመጣ እኛ ሄደን እናመጣዋለን።

ጸሐፊው በዚህ ገንዘብ መጽሐፍ ቢገዛ ይላሉ። ይገዛ፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን አንድ ኦሪጅናል የምሕንድስና መጽሐፍ ከውጭ ለማስመጣት የሚወጣው ብር ዛሬ የመምህር የወር ደመወዝ ይነካል። መደርደሪያ ላይ አንድ ኮፒ ይቀመጥና ለሚድ ፈተና ሳምንት 64 ተማሪ ይጣላበታል።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊው ያልነኩትን እውነተኛ ችግር ልናገር። ከዓመታት በፊት የሠራሁበት አንድ ተቋም አዳዲስ ኮምፒውተሮች የተደረደሩበት ክፍል ነበረው። በሩ ላይ «ኢ-ላይብረሪ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስመላለስ ተከፍቶ ያየሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ቀን እንግዳ መጥቶ ነበር። የቀረውን ጊዜ «ቁልፉ ያለው ሰውዬ ወጣ ብሏል» ነበር መልሱ። ኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረው ላስቲክ እንኳን አልተነሣም። መብራት ነበር። መስመርም ነበር። ጸሐፊው «ብክነት» ሲሉ ይሄንን ማለታቸው ቢሆን ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር።

«ሲሙሌሽን ጨዋታ ነው፤ መሐንዲስ በእጁ ነው የሚማረው።»

ከሁሉም በላይ የምከራከረው እዚህ ላይ ነው።

አምና ለክፍሌ አንድ ጥያቄ አቀረብኩ። ከግድግዳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ በረንዳ አለ፤ ዋናው ፌሮ፣ አርማታውን የሚያጠነክረው ብረት ማለቴ ነው፣ የሚገባው ከሶሌታው (ከአርማታው ወለል) በላይኛው በኩል ነው ወይስ በታችኛው? ወረቀት ላይ ጻፉልኝ አልኩ። ከ64ቱ 41ዱ «ከታች» ብለው ጻፉ። ጎበዝ ተማሪዎች ናቸው። ቀመሩን በቃላቸው ያውቁታል፣ ቸክለውታል። ችግሩ ምንድን ነው? እኔ ሰሌዳው ላይ ስስልላቸው የከረምኩት ቢም (ሸክም ተሸካሚ አግዳሚ) ሁልጊዜ ሁለት ጫፉ ላይ ያረፈ ነበር። እንዲያ ያለ ቢም ሲጫን ወደ ታች ይጎብጣል፣ የሚሳበው የታችኛው ጎን ነው፣ ፌሮውም ከታች ይገባል። በረንዳ ግን አንድ ጫፉ ብቻ ነው የተያዘው። ሲጫን የሚሳበው የላይኛው ጎን ነው። አርማታ ደግሞ ሲጫኑት እንጂ ሲስቡት አይችልም። ፌሮው ከታች ከገባ በረንዳው ፎርማው ሲነሳ፣ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ልብስ ሊያሰጡ ሰዎች ሲወጡበት ይሰነጠቃል።

እንደገና ሰሌዳ ላይ ሳልኩት። አንገታቸውን ነቀነቁ። መነቅነቁን አላመንኩትም።

ባልደረባዬ የጻፋት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች። ስልክ ላይ ትከፈታለች። አንዱ ጫፉ ከድጋፉ አልፎ የተንጠለጠለ አንድ ቢም፣ ሁለት ድጋፍ፣ አንድ ሸክም። ሸክሙን በጣት እየጎተቱ ወደ ፈለጉበት መውሰድ ይቻላል። ከሥር የሞመንቱ ሥዕል፣ ማለትም ሸክሙ ቢሙን የት ምን ያህል እንደሚያጎብጠው የሚያሳየው፣ አብሮ ይለዋወጣል፣ የሚሳበው ጎን ደግሞ ቀይ ይሆናል። ሁሉም ስልካቸው ላይ ከፈቱ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ በፕላስተር ተይዟል። በአውራ ጣቷ ሸክሙን ቀስ እያደረገች ወደ ቀኝ ጎተተችው። ቀዩ ከታች ነው። ጎተተች። አሁንም ከታች። ሸክሙ ድጋፉን አልፎ ወደተንጠለጠለው ጫፍ ሲሻገር ሥዕሉ ተገለበጠ፣ ቀዩ ከላይ ሆነ። ጣቷን መለሰች፤ ወደ ታች ወረደ። እንደገና አሻገረች፤ ወጣ። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ «መምህር፣ የኛ ፎቅ በረንዳ እኮ…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ደብተሯ ላይ መሳል ጀመረች።

ይሄ ጨዋታ ነው? ከሆነ እንዲህ ያለው ጨዋታ በዛ በሉልኝ።

በሳምንቱ እዚያው ሠፈር ሶሌታ ወደሚሞላበት ሳይት ወሰድኳቸው። ፌሮው በትክክል ከላይ ታስሯል። አርማታ ተሸካሚዎቹ ግን ሲመላለሱ ይረግጡታል። በግማሽ ቀን ውስጥ የበረንዳው የላይ ፌሮ ወደ ታች ሰምጦ ነበር። ያቺ ልጅ ናት ቀድማ ያየችው። ፎርማኑን «ጋሼ፣ ይሄ ፌሮ መነሣት የለበትም?» አለችው። ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ አየና ሁለት ሰው ጠርቶ አስነሣው። በእጅ መማር ጸሐፊው እንዳሉት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ምን ማየት እንዳለበት የማያውቅ ተማሪ ሳይት ወርዶም የሚያየው ብረትና ጭቃ ነው።

ላቦራቶሪውንም ልጨምር። ፌሮ የሚበጥሰው ማሽናችን አንድ ነው። ፌሮው ሲሳብ መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ ወገቡ ይቀጥናል፣ ከዚያ በኃይለኛ ድምፅ ይበጠሳል። ያንን ድምፅ መስማት አለባቸው፣ ምንም አይተካውም። ግን 64 ሰው ማሽኑን ከቦ ሲያይ ወገቡ ሲቀጥን የሚያዩት ከፊት የቆሙት ስምንቱ ናቸው። ፌሮው አንዴ ከተበጠሰ ደግሞ ተበጠሰ። ማታ ዶርም ውስጥ ቪዲዮውን እያቆመ የሚያይ፣ ቁጥሩን እየቀያየረ የሚሞክር ተማሪ ሁለተኛ ዕድል አለው።

ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የኤሌክትሪክ ሰርኪዩትን በሲሙሌሽን ብቻ የሠሩ የፊዚክስ ተማሪዎችን በእውነተኛ ሽቦና አምፖል ከሠሩት ጋር አወዳደረ። በጽንሰ ሐሳብ ፈተናው በሲሙሌሽን የሠሩት በለጡ። የሚገርመው፣ ቆይተው ሁሉም እውነተኛ ሰርኪዩት ገጣጥመው እንዲያስረዱ ሲጠየቁም እነሱ የተሻሉ ሆኑ። ይሄ የመግቢያ ፊዚክስ ነው፣ ድልድይ መሥራት አይደለም። ላቦራቶሪ ይዘጋ ማለትም አይደለም። አርማታ ሲቦካ የሚሰማውን ክብደት፣ እንደ ንብ ቀፎ የተቦረቦረ ኮለንን (የአርማታ ምሰሶን) የትኛውም ስክሪን አያስተምርም። የአርማታው ቡኮ ምን ያህል እንደሚልል የሚለካበትን ስላምፕ ቴስት ኮኑን በእጅ ይዞ መሥራት ግድ ነው። እኔ የምለው አንዱ ለሌላው መንገድ ይጠርጋል ነው።

«ስክሪን ንባብን ገድሏል።»

እዚህ ላይ ትክክል ናቸው፣ ቢያንስ በግማሽ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የ54 ጥናቶች ማጠቃለያ፣ ከ170,000 በላይ ሰዎች የተካተቱበት፣ አስረጅ ጽሑፍን ከወረቀት ያነበቡ ከስክሪን ካነበቡት የተሻለ እንደሚረዱ አሳይቷል። በተለይ ሰዓት ሲጣበብ። እኔም ይሄን ካወቅሁ ወዲህ ረጃጅም ምዕራፎችን በስልክ አንብቡ አልልም። ፎቶ ኮፒ ቤት እሰጣለሁ፣ በወረቀት ያነባሉ። ስክሪኑን ለሚንቀሳቀሰው ነገር አስቀረሁት። ጸሐፊው ይሄን ነጥብ ይዘው እዚሁ ቢቆሙ ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር።

«ኩረጃን አስፋፍቷል።»

ኩረጃ ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ተማሪ የቢሙን ርዝመትና ሸክሙን ከመታወቂያ ቁጥሩ መጨረሻ ሁለት አኃዞች አውጣ እላለሁ። ሁሉም የተለየ መልስ አለው። ፕሮግራሟ መልሱን ታርማለች፣ እኔ ደግሞ እንዴት እንዳሰቡ ለማየት ጊዜ አገኛለሁ። የመመረቂያ ጽሑፎች በዲጂታል ሲቀመጡም የተገለበጠው ቶሎ ይታያል። መጋዘን ውስጥ አቧራ የጠጣ ጥራዝ ነው ለመገልበጥ የሚመቸው።

«ይዘቱ የፈረንጅ ነው፤ የኛን አፈር አያውቅም።»

ይሄን ሳነብ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ከኛ ሠፈር ጀምሮ እስከ አቃቂ ድረስ የሚበዛው ዋልካ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የጎረቤታችን አጥር ላይ ያለው ስንጥቅ ጥር ላይ ይሰፋል፣ ነሐሴ ላይ ይጠባል። ቀለም በቀቡት ቁጥር ይመለሳል። ይሄን የቦስተን መምህር አያስረዳልኝም፣ ልክ ናቸው።

ግን ማን ነው የሚያስረዳው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎቹን በኢንተርኔት ማከማቻው ላይ ያስቀምጣል። እዚያ ውስጥ ስለ አዲስ አበባ ዋልካ፣ ስለ እብጠቱ፣ በኖራ ስለማሻሻል፣ በሰሌክት ማቴሪያል (በተመረጠ የተሻለ አፈር) ስለመተካት የተጻፉ ሥራዎች አሉ። የራሳችን ልጆች፣ የራሳችንን አፈር ቆፍረው፣ በራሳችን ላቦራቶሪ ፈትነው የጻፉት ነው። ቀደም ሲል ያንን ጥራዝ ለማየት 5 ኪሎ ድረስ መሄድ ነበረባችሁ። ከኮዬ ፈጬ 5 ኪሎ ደርሶ መመለስ ቀን ይበላል፣ ለተማሪ ደግሞ የምሳ ገንዘቡን ይበላል። አሁን ሃርድ ዲስካችን ላይ ነው። ስለ አገራችን አፈር የተጻፈውን ከተማ ዳር ያደረሰልን ይኸው የተኮነነው ዲጂታል ላይብረሪ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከፈንታሌ በኩል የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ሌሊት ቀሰቀሰን። ሰው ሕፃን አቅፎ፣ ነጠላ ደርቦ ከፎቅ ወረደ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ማስተማር አልተቻለም። ተማሪዎቹ ከመደርደሪያ የሕንፃ ኮዱን አመጡ፤ እ.ኤ.አ. የ1995ቱ ነው፣ ያውም የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። እ.ኤ.አ. የ2015ቱን በፕሮጀክተር ከፍተን ካርታዎቹን ጎን ለጎን አየን። በአዲሱ ካርታ አዲስ አበባ የተቀመጠችበት የስጋት ደረጃ ከድሮው ከፍ ያለ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። መደርደሪያውን ብቻ ይዘን ብንቀር እነዚያ ልጆች በድሮው ቁጥር ዲዛይን እየሠሩ ይመረቁ ነበር።

ቋንቋውስ? እውነት ነው፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከባድ ከባዱን እኛው በአማርኛ እየቀዳን እናስገባለን፣ ስድስት ሰባት ደቂቃ፣ በስልክ። ባለፈው አንድ ተማሪ የሞርን ሰርክል፣ በቁስ ውስጥ ያለውን ጫና በክብ ሥዕል የሚያሰላውን ዘዴ፣ በአፋን ኦሮሞ አስረድቶ አመጣ። ከሱሉልታና ከገላን ለሚመጡት ጓደኞቹ ብሎ ነው። እኔ ካስረዳሁት ይልቅ ግልጽ ነበር።

«እኛ በጠመኔ ተምረን አገር ሠርተናል።»

ሠርታችኋል። ድልድዮቻችሁ ላይ ነው የምንሄደው። ግን በጸሐፊው ጊዜ ክፍል ውስጥ ጥቂት ተማሪ ነበር፣ መምህሩ ስማቸውን ያውቃል፣ ላቦራቶሪው ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ የ70/30 ፖሊሲ መጣ፣ ተማሪው በአብዛኛው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመደበ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆኑ። ጠመኔው ግን ያው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ 225 ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ፣ በሳይንስና በምሕንድስና ትምህርት ቁጭ ብሎ ሌክቸር ብቻ የሚሰማ ተማሪ እየሠራ፣ እየተጠያየቀ ከሚማረው ይልቅ የመውደቅ ዕድሉ አንድ ተኩል ጊዜ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ጥናቱ ስለ ኮምፒውተር አይደለም፤ ተማሪውን ስለማሳተፍ ነው። እኔ 64 ተማሪ በአንድ ሰዓት ለማሳተፍ ያገኘሁት መንገድ ግን ያ ጥጉ የተሰነጠቀ ስልክ ነው።

አሁን ወደ ደብተሮቹ ልመለስ፤ ጸሐፊውን በቀጥታ ላናግርዎት። በጽሑፍዎ ላይ በዋልካ ላይ የሠሯቸውን መሠረቶች፣ የቆፈሩትን ጥልቀት፣ ክረምት ሲመጣ ያዩትን ስንጥቅ ሁሉ በቀን በቀን ጽፈው እንዳስቀመጡ ነግረውናል። ይዘቱ የፈረንጅ ነው ላሉት መልሱ በከፊል እርስዎ ቤት በካርቶን ውስጥ ነው ያለው። አይጥና እርጥበት ሳይቀድመን ያበድሩን። በመረጡት ቅዳሜ ሁለት ተማሪ ይዤ እመጣለሁ፣ አንድ ገጽ ሳይጎድል ስካን አድርገን በሳምንቱ እንመልስልዎታለን። የእጅ ጽሑፍዎ የማይነበብ ቦታ ካለ አብረውን ቁጭ ብለው ቢያነቡልን ደግሞ በድምፅ እንቀዳዋለን። ያቺ ልጅ ካሁኑ አንድ ፎልደር ከፍታ «ዋልካ» ብላ ሰይማዋለች። እስካሁን ባዶ ነው።